የላሙ አናጢዎችና አሮጌው ሳንቃ

በኬንያ ጠረፍ በምትገኘው በላሙ ደሴት ያለችው አሮጌ ከተማ በ1994 ዓ.ም. (በ2001 እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በዚያ ባሕር ያረጁ የሸራ ጀልባዎች ሲፈርሱ እንጨታቸው ለአናጢዎች ይደርሳል፤ ከእርሱም ጠረጴዛ፥ ወንበርና የመስተዋት ክፈፍ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያሠራ ሰው ልኩን ብቻ ነግሮ ቢሄድ አይበጅም። አሮጌ ሳንቃ ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ የሚስማር ቀዳዳና የቀለም ቅሪትም አለበት። አናጢው የቀረውን ሚስማር ሳይነቅል ቢጀምር መጋዙ ይበላሻል፤ ያለ መጠን ቢልገው ደግሞ የባሕሩ ምልክት ይጠፋል። አንድ ጊዜ የተላገውንም የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ ባለጉዳዩ ሥራው ሳይጀመር ተገኝቶ፥ የትኛው ጠባሳ እንዲቀር የትኛውም እንዲለሰልስ ከአናጢው ጋር ይማከር። የጠረጴዛውም ልክ በተገኘው ሳንቃ ርዝመት ይወሰን።