የተሳቢያችን 14 ፔርኖዎች

ተሽከርካሪን ከመንገድ የሚያስቀረው ሁልጊዜ የሞተር ጉዳት አይደለም። ሞተሩ ጤነኛ፣ ጎማው አዲስ፣ ሾፌሩም ብርቱ ሆኖ ሳለ፣ የጣት ውፍረት ያላት አንዲት ፔርኖ በመበላቷ ብቻ ጉዞ ይቋረጣል። ተሳቢ ደግሞ የራሱ ሞተር ስለሌለው ሕመሙን በድምፅ አይናገርም። ችሎ ይጎተታል፤ አንድ ቀን ግን ሳይታሰብ ወደ ጎን ያዘነብላል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ባሌስትራና ስለ መጋጠሚያዎቹ ለመጻፍ ስንነሣ፣ «ይህስ የጋራዥ ሰው ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን ሊያልፉ የሚያስቡ እናቶችና እህቶች ቢኖሩ ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን። ነገሩ የልጆቻቸው ክትባት ጉዳይ ነውና።

የጦር ሰፈራችን ቤተሰቦች ነጩን ተሳቢ ያውቁታል። ቀድሞ የመንገድ ሥራ ሠራተኞች ማደሪያ የነበረ፣ ሁለት አክስልና አራት ጎማ ያለው ተጎታች ቤት ነው። አልጋዎቹ ተነሥተው የምርመራ መደብ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥንና የክትባት ሣጥን ከገቡበት ወዲህ፣ አዋላጅ ነርሳችንን ይዞ በየወሩ ቤተሰብ ወዳለባቸው ጣቢያዎች ይዞራል። አብዛኛው የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል። በመተማ ቆላ ሙቀት ተሳቢው መንገድ ላይ ተሰብሮ ቢቀር በረዶው ይቀልጣል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው የጠበቁት ቀንም በከንቱ ያልፋል።

የመሬቱን ጠባይ ሳንናገር ስለ ተሳቢ መናገር አንችልም። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለው መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዶካ እኩሌታው ላይ ትገኛለች። ከዶካ ዙሪያ እስከ እኛ ሜዳ ድረስ አፈሩ ያው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ድንበር ሰውን እንጂ አፈርን አይለይም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ ጎማ ላይ ይጣበቃል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የክረምቱ የጎማ ቦይም እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቀራል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ጣቢያዎቹ የሚሄድ ተሳቢ ይህን ሁሉ የሚቀበለው በባሌስትራው ነው።

በዚህ ሥራ መሪያችን የሆነው ሃምሳ አለቃ፣ ወደ ጦሩ ከመግባቱ በፊት በዶካ ዙሪያ ባሉት የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች የትራክተር ረዳት ነበር። በዚያ አገር ትራክተር ጆንያውንም የቀን ሠራተኛውንም በተሳቢ ይዞ ስለሚውል፣ ስለ ተሳቢ ያለው ዕውቀት ከዚያ የተቀሰመ ነው። «ተሳቢን የሚሰብረው ጭነቱ ሳይሆን ክፍተቱ ነው» ይላል። በመጋጠሚያ ውስጥ የተፈጠረ ትንሽ ክፍተት በእያንዳንዱ ጉድጓድ እንደ መዶሻ ይመታል ማለቱ ነው።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየው ግን መካኒክ አልነበረም። አዋላጅ ነርሳችን በግራ በኩል ያለው ቁም ሣጥን በየጉዞው ተከፍቶ ጠርሙስ ሲጥል፣ የቀኙ ግን ሳይነቃነቅ እንደሚደርስ ለሦስት ወራት በመዝገቧ አከታትላ ጻፈች። ሁለተኛውን ምልክት የነገረችን የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ናት፤ ተሳቢው ወደ ጣቢያቸው ሲገባ ከኋላ ብታየው የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ መስመር አልሄዱላትም። ጎማዎቹን ስንመረምር በእርግጥም የአንደኛው አንድ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ አገኘነው።

ከሥር ስንገባ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ተሳቢው በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ በአራት ባሌስትራ ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ አመጣጣኝ ብረት አለ፤ የፊቱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ ሸክሙን ለኋላው ያካፍላል። ባሌስትራዎቹን ከአመጣጣኙ ጋር የሚያገናኙት 8 ሳህን ብረቶች ሲሆኑ፣ ሁሉንም አያይዘው የሚይዙት 14 ፔርኖዎች ናቸው፤ በየጎኑ ሰባት ሰባት። ፔርኖው በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ቦኮላ የሚባል ቀለበት ይገባል፤ ተግባሩም ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መከላከል ነው። የእኛ ተሳቢ ቦኮላዎች የናይለን ነበሩ። ናይለን ለተስተካከለ መንገድና ለቀላል ጭነት ይበቃል። አቧራ ሲገባበት ግን እንደ ሞረድ ይፈጨዋል፤ ቀጥሎ ፔርኖው ራሱን ብረቱን ይበላል፣ ክብ የነበረው ቀዳዳም የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል። የእኛ እዚህ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር።

አንዳንድ ጓዶች በየባሌስትራው ላይ አንድ ንጣፍ ብረት እንጨምር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ለዓይን የሚያጠግብ መፍትሔ ነበር፤ ሃምሳ አለቃው ግን አልተቀበለውም። የአንድ ንጣፍ ውፍረት እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ግትር ባሌስትራ ደግሞ ምቱን ውጦ አያስቀርም፤ ወደ ሻሲው፣ ከሻሲውም ወደ መድኃኒቱ ያስተላልፈዋል። በዚያ ላይ ንጣፍ በመጨመሩ የአክስሉና የጎማው አቅም ቅንጣት አይጨምርም። ለባሌስትራ ብርታት ማለት አለመታጠፍ ሳይሆን ታጥፎ መመለስ ነው።

የሚረግጡት ክፍል ከተጎዳ ታላቅ ኃይልም እንደሚቆም ይህ ምድር ራሱ ምስክር ነው። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ እግረኛ ብርጌድ በታንክ ታግዞ ጣሊያኖች በያዟት ገላባት ላይ ዘመተ። ገላባት ተያዘች፤ መተማ ግን አልተያዘችም። ለዚህ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ፣ ከታንኮቹ አብዛኞቹ በድንጋይና በፈንጂ ሰንሰለታቸው ተጎድቶ መቆማቸው ነበር።

የጠየቅናቸው ጋራዦች ከክረምት በፊት ተራ እንደማይደርሰን ስለነገሩን ሥራውን በራሳችን እጅ ለመሥራት ቆረጥን። ናይለኑን በነሐስ ቦኮላ፣ ደረቁን ፔርኖ መሐሉ ተቦርቡሮ ግራሶ በሚጠጣ ፔርኖ፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት የነበራቸውን ሳህን ብረቶች በ12 ሚሊ ሜትር ተካን። ፔርኖዎቹ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዙ፤ ቦኮላዎቹ ጎንደር ላይ በቶርኖ ተቀረጹ። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በገዳሪፍ በኩል የሚመጣ ዕቃ መጠበቅ አልቻልንምና።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። እንዲህ ያለ ተግባር ለሚገጥማቸው ጓዶች የሚጠቅመውን እንንገር።

አንደኛ፣ ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆየት አልተሠራም። ተሳቢው ሻሲው ሥር በተተከለ ጠንካራ ድጋፍ ላይ ሳያርፍ ማንም ከሥሩ አይገባም። በዋልካ ላይ ከክሪኩም ከድጋፉም በታች ሰፊ ሳንቃ ይነጠፋል፤ በወዲያኛው ወገን ያሉት ጎማዎችም ይታገዳሉ።

ሁለተኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈታም። አንዱ ወገን ሳያልቅ ሌላው አይነካም፤ አለዚያ አክስሉ ቦታውን ይለቃል።

ሦስተኛ፣ ባሌስትራ አይበየድም፣ በእሳትም አይቃናም። ጠባዩን ያገኘው በተመጠነ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነው፤ የብየዳ እሳት የነካው ቦታ በመንገድ ላይ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ንጣፍ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

አራተኛ፣ የፔርኖው የግራሶ ቀዳዳ ወደ ጎን ዞሮ ይገባል፤ ሸክም ወደሚጫንበት ከዞረ ይደፈናል። ግራሶ የሚጠጣውም ጎማው ከመሬት ተነሥቶ መጋጠሚያው ሸክሙ ሲቀልለት ነው። አዲሱ ግራሶ አሮጌውን ገፍቶ በዳር ብቅ ሲል ይበቃል።

አምስተኛ፣ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ አንድ ጊዜ ከተፈታ በአዲስ ይለወጣል። የጎማ ዳዶዎችም ከመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ዳግመኛ ይጠበቃሉ።

በሰኔ ዝናብ ተሳቢው ጣቢያዎቹን ሁሉ ዞሮ ተመለሰ። በነርሷ መዝገብ ላይ በቁም ሣጥኑ አንጻር የተጻፈው «አልተከፈተም» የሚል አንድ ቃል ነበር። በዚያ ዙር አንድም እናት ልጇን ሳታስከትብ አልተመለሰችም።

እኛ ከዚህ ሥራ የተማርነው ስለ ብረት ብቻ አይደለም። አመጣጣኙ ብረት አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሸክሙን ለሌላው ያካፍላል፤ ባል በግዳጅ ላይ ሲሆን ሚስት ቤቱን እንደምትሸከም፣ ሚስት ስትወልድም ባል ጓዳ እንደሚገባ ማለት ነው። ክፍተት የሚፈጠረውም በድንገት አይደለም። ግራሶ ያላገኘ ፔርኖ ቀስ እያለ እንደሚበላ ሁሉ፣ ሳይነገር የቆየ ቅሬታም ቤትን ቀስ እያለ ይበላል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለሁለቱም ይሠራል።

እንግዲህ አደራችን ይህ ነው። ተሳቢው በሚቀጥለው ዙር ወደ ጣቢያችሁ ሲገባ ከኋላው ቆማችሁ እዩት። ጎማዎቹ በአንድ መስመር ካልሄዱ፣ አንዱ ጎን ዝቅ ካለ፣ ወይም ከሥሩ የብረት ኳኳታ ከሰማችሁ፣ «እኔ ምን አውቄ» ሳትሉ ለሾፌሩ ንገሩት። ደብተሩም በበሩ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ያየ ሁሉ ይጻፍበት።