ይድረስ ለልጄ፣ ደሴ ከመሄድሽ በፊት



ስለ ቤት ኪራዩም፣ ስለ ደሴ ብርድም ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ትናንት እራት ላይ ያ ጓደኛሽ «ሥራ ስትጀምር የአድሚን ፓስወርዱን ትልክልኛለች፣ እዚህ ሆኜ አግዛታለሁ» ሲል ከሰማሁ ወዲህ ግን ሌላው ሁሉ ከልቤ ወጣ።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ቅንነቱን አይቻለሁ። ነገር ግን በሲስተሙ መዝገብ ላይ የሚቀረው ያንቺ ስም ነው። ሌሊት እሱ የነካውን ጠዋት የምትጠየቂበት አንቺ ነሽ። አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ ማለፍንም ወንጀል ብሎታል።

አያትሽ የመሥሪያ ቤቱን የግምጃ ቤት ቁልፍ ሰው አምኖ ሰጥቶ የደረሰበትን ታውቂዋለሽ፤ አልደግመውም። ከየካ ሚካኤል ሲመለስ የዚያን መሥሪያ ቤት በር ላለማየት እስኪሞት ድረስ በሌላ መንገድ ይዞር ነበር። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት እጄን ይዞ እንጦጦን ስንወጣ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ለማሳለፍ ባሕር ዛፉ ሥር ቆም ይልና ያንኑ ነገር ያነሳልኝ ነበር። ሲቆጨው ኖሮ ሲቆጨው ሞተ። የእሱ ምርቃት ይድረስሽ፣ ልጄ።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የግቢው ተማሪ በሂሳቡ የሌለውን ገንዘብ ሊያወጣ ወደ ኤቲኤም ሲሮጥ አንቺ ከአልጋሽ አልወረድሽም፤ ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁብሽ! ንግድ ባንክ በኋላ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከራሴ የሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነው አለ። ወደ 801 ሚሊዮን ብር ወጥቶ ነበር። ሰርጎ ገብ ሳይኖር እንዲህ ከሆነ፣ ብዙ እጅ የገባ ፓስወርድ ምን እንደሚያደርስ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ለኢሜይልና ለዕለት ሥራሽ ተራ አካውንት ይኑርሽ። በአድሚኑ ሆነሽ የተበከለ ፋይል ብትከፍቺ ቫይረሱም ያንቺን ሥልጣን ይዞ ነው የሚገባው። ሥራው ሲያስገድድሽ ግቢ፣ ስትጨርሺ ወዲያው ውጪ። ሌላውን ተምረሽዋል።

እመቤቴ ከክፉ ዓይን ትጋርድሽ፤ ደግ ሰው ያጋጥምሽ፤ እንጀራሽ ይባረክ። እናትሽ በሶ ቋጥራልሻለች፣ እንዳትረሺው።

ልጁ ላምበረት መናኸሪያ ሊሸኝሽ ይመጣል አሉ። ካፈርሽ «አባቴ ከልክሎኛል» በዪው፤ ብቻ ፓስወርዱን እንደማትሰጪው ሳትሳፈሪ ንገሪው።

አባትሽ