ወሩ ያልሞላ ዓይን

የራያ ቆላ ሰው የዓይንን በሽታ በወሬ ብቻ የሚያውቀው አይደለም። በቆቦ ሜዳ በበጋ ወራት አቧራው ሲነሣ፥ ዝንቡም በሕፃናት ፊት ላይ ሲሰፍር፥ ትራኮማ ከቤት ወደ ቤት ይሻገራል። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው እናቶች ጸጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ሥቃያቸውን ለጊዜው ሲያስታግሡ ያላየ የለም። ዛሬ ልንናገርለት የወደድነው በሽታ ግን ከአቧራም ከዝንብም የማይመጣ፥ ፊትን በመታጠብም የማይከላከሉት ነው። ይኸውም ወራቸው ሳይሞላ በሚወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

ሕፃን በማሕፀን ሳለ፥ ብርሃንን የሚቀበለው ስስ የዓይን ሽፋን፥ ሐኪሞች ሬቲና የሚሉት፥ የደም ሥሮቹን ከመካከል ወደ ዳር እየዘረጋ ያድጋል፤ ሥራውንም የሚፈጽመው በመወለጃው ቀን አካባቢ ነው። በሰባት ወር የተወለደ ሕፃን ይህ ሥራ ሳያልቅለት ወደ ዓለም ይወጣል። ሳምባውም ገና ስላልበረታ ኦክሲጂን ይሰጠዋል። ኦክሲጂኑ ከልክ ሲያልፍ የደም ሥሮቹ ማደጋቸውን ያቆማሉ፤ በኋላም ያለ ሥርዐት ይበቅላሉ፤ ይደማሉ፤ ጠባሳ ሆነውም ሬቲናውን ከቦታው ይስቡታል።

በሽታው በመጀመሪያ የተገለጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 በቦስተን ከተማ ነው። በ1951 ካምቤል የተባሉ የሜልቦርን ሐኪም ኦክሲጂንን ተጠራጠሩ፤ በ1954ም በአሜሪካ የተደረገ ሰፊ ጥናት ጥርጣሬያቸውን አጸና። ከዚያም ኦክሲጂን እጅግ ስለ ተቀነሰ የብዙዎች ዓይን ቢድንም፥ በትንፋሽ እጥረት የሞቱት ሕፃናት በረከቱ። ስለዚህ የነገሩ መፍትሔ ያለው በመጠኑ ላይ መሆኑ ታወቀ።

በአገራችንም የጨቅላ ሕፃናት ማከሚያ ክፍሎች በተስፋፉ መጠን በሽታው አብሮ መጥቷል፤ በአዲስ አበባ ሐኪሞች መርምረው አግኝተውታል። በእኛም ሰፈር አንዲት ጎረቤታችን በሰባት ወር የወለደችው ልጅ ከሕክምና ተርፎ ሲመለስ መንደሩ እልል ብሎ ተቀበለው። አራት ወር ሲሞላው ግን የእናቱን ፊት በዓይኑ አልተከተለም። ለሐኪም ሲታይም ጊዜው አልፏል ተባለ። ይህን የሰሙ አንድ ሽማግሌ፥ «ሐኪም ቤት ነፍሱን ሰጥቶ ዓይኑን ወሰደበት» አሉ።

ከልጁ ጉዳት ቀጥሎ ያስጨነቀን ይህ አነጋገር ነው። ነገ ያለ ወሯ የምትወልድ ሌላ እናት ቃሉን ሰምታ ልጇን በቤቷ ብታስቀር፥ ዓይኑንም ነፍሱንም ታጣለችና። ለዚህ ልጅ የጎደለው በጊዜው የሚደረግ ምርመራ ነበር። እጅግ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ ከተወለደ አራት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ሊታይ፥ ከዚያም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ሊደገምለት ይገባል። በሽታው ሲጠና በሌዘር ጨረር ወይም በመርፌ ይታከማል፤ ይሁን እንጂ ሕክምናው ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ መዘግየት የለበትም። ከቆቦ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ለሚያውቅ ሰው፥ የእነዚህ ቀኖች ዋጋ አይጠፋውም።

እኛ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች የቀጠሮና የመዝገብን ጥቅም እናውቃለን። በአገራችን ቆላ ብዙ እናት የእርግዝናዋን ወራት የምትቆጥረው በማሽላው መዘራትና መታጨድ ነው፤ በዚህ ስሌት ግን አራተኛውን ሳምንት ማወቅ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ አዋላጅ የእርግዝናውን ሳምንት ትጻፍ፤ ሕፃኑ ከሐኪም ቤት ሲሰናበት የዓይን መታያው ቀን በወረቀቱ ላይ ይስፈር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቀኑን ለእናቲቱ ታስታውስ፤ የቀበሌ ሹምም ለመንገዱ ይርዳ። መምህራንም ዓይናቸው የጠፋባቸውን ልጆች ከትምህርት ገበታ አያርቁ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለዚህ በሽታ ቅጠሉ በወረቀት ላይ የተጻፈች አንዲት ቀን ናት።