በሞተር ብስክሌት ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ፤ በዝናብ፥ በአቧራና በቁልቁለት ስለሚያስፈልግ ጥንቃቄ

በቅሎ ያለው ሰው ለረዥም መንገድ ሲነሣ አስቀድሞ ኮርቻውን ይፈትሻል፤ ጀርባዋ እንዳልተላጠ ያያል፤ ገብሷን ይሰጣታል፤ ከዚያም በኋላ ይጫናል። ሞተር ብስክሌት የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቤንዚን ከሞላ በኋላ ሌላ ግዴታ ያለበት አይመስለውም። በቅሎ ስትታመም ታነክሳለች፥ መኖዋንም ትተዋለች፤ ስለዚህ ባለቤቷ ያውቅላታል። ሞተር ብስክሌትም እንዲሁ ከመበላሸቱ በፊት በድምፁ፥ በጠረኑና በሙቀቱ ይናገራል። የሚሰማው ያገኘ እንደ ሆነ መንገደኛውን ከቤቱ ያደርሰዋል፤ የሚሰማው ያጣ እንደ ሆነ ግን ባልታሰበ ስፍራ ያስቀረዋል። ይህንንም ነገር በመንገድ ምሳሌ ማስረዳት ስለሚቀል፥ በአንድ የሰኔ መግቢያ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያደረግነውን የ300 ኪሎሜትር ያህል ጉዞ ለቤተ ሰብ አንባቢዎች እናቀርባለን።

ይህን መንገድ የመረጥንበት ምክንያት አለን። መንገዱ ከእንጦጦ ብርድ ተነሥቶ በሱሉልታ ሜዳና በሰላሌ ደጋ አልፎ እስከ ዓባይ በረሓ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደ ገና ወደ ጎጃም ደጋ ይወጣል። ስለዚህ ዝናብና ጭቃ፥ ቁልቁለትና ዳገት፥ ብርድና ሐሩር፥ አቧራም ጭምር በአንድ ጉዞ ይገኙበታል።

በመነሻችን ዋዜማ፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፥ ምርመራውን አደረግን። የጎማ አየር መለካት ያለበት ከጉዞ በፊት ነው፤ ጎማ ሲሄድ ስለሚሞቅና በውስጡ ያለው አየር ስለሚለጠጥ፥ በመንገድ ላይ የተለካ አየር ከእውነተኛው በልጦ ይታያልና። ሞተር ብስክሌቱን ቀጥ አድርገን አቁመን የሞተሩን ዘይት በመለኪያው አየን፤ በትንንሾቹ ሞተሮች ውስጥ ያለው ዘይት አንድ ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ጥቂት መጉደሉ ብዙ ጉዳት ያመጣል። ካቴናውንም በሁለቱ ጥርሳም ማርሾች መካከል በጣት ከፍና ዝቅ አድርገን ለካነው፤ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር መላላት ይገባዋል። ከዚህ ይልቅ የጠበቀ እንደ ሆነ ኩሽኔታውን ይበላል፤ እጅግ የላላ እንደ ሆነ ደግሞ ከጥርሱ ዘልሎ ይወጣና የኋላውን ጎማ ሊያስረው ይችላል። በመጨረሻም ብሎኑንና ዳዶውን ሁሉ በመፍቻ እየሞከርን የላላውን አጠበቅን። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አልወሰደብንም።

በማግሥቱ እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ሜዳ ስንደርስ ዝናቡ ተቀበለን። ሜዳው አረንጓዴ መልበስ ጀምሮ ነበር፤ እረኞችም ከመንገዱ ዳር ተጠልለው ያዩን ነበር። ከጫንጮ ጥቂት እልፍ እንዳልን ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው መርገጫውን ደጋግሞ መርገጥ ነው፤ ይህ ግን ካንዴላውን በቤንዚን ከማራስ በቀር ጥቅም የለውም። ሞተር የሚኖረው በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም በቤንዚን፥ በአየርና በእሳት ነው። የጠፋውን ለማግኘት ሦስቱን በየተራ መመርመር ይገባል፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው ግን ደኅናውን ከታመመው ጋራ ይቀላቅላል።

በካርቡራቶሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ጥቂት ብንፈታው ቤንዚኑ በደንብ ወረደ። የአየሩንም ማጣሪያ ብናየው ደረቅ ነበር። ስለዚህ የቀረው እሳቱ ሆነ። በካንዴላ ጫፍ ብልጭታ እንዲዘል ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል፤ ይህንም ዐይነት ካንዴላና ማግኔቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም በጀርመን አገር በሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ያዘጋጀው ጎትሎብ ሆኖልድ የተባለው መሐንዲስ ነው። ይህን ያህል ብርቱ ኤሌክትሪክ እርጥበት ያገኘ እንደ ሆነ በጫፉ መዝለሉን ትቶ በውሃው ላይ ወደ ሞተሩ ብረት ይሸሻል። የካንዴላውን ቆብ ነቅለን ብናይ በውስጡ የውሃ ጠብታ አገኘን፤ ላስቲኩም በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ነበር። በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠረግነው፤ ስንጥቁንም በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቀለልነው፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ይህን ቆብ በእጅ መንካት እንደማይገባ ግን ለማንም መንገር ያስፈልጋል።

ከሙከ ጡሪ እስከ ደብረ ጽጌ ጭቃው በዛ። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስደውን መገንጠያ በስተ ቀኝ ትተን ፍቼ ገባንና አደርን። ማታውን ለካቴናው ሰጠነው። ካቴና ረዘመ ሲባል ብዙ ሰው ብረቱ የተሳበ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ ትንሽ ዘንግ አለች፤ ዘይትና አሸዋ ሲቀላቀሉ እንደ ሞረድ ሆነው ያቺን ዘንግ ይበሏታል፤ የብዙዎቹ መገጣጠሚያዎች ትንሽ ትንሽ መበላት ሲደመር ካቴናው በሙሉ ይረዝማል። ስለዚህ በጭቃው ላይ ዘይት መጨመር ማዳን ሳይሆን ሞረዱን ማብዛት ነው። አስቀድመን በላምባና በብሩሽ አጠብነው፤ በጨርቅ አደረቅነው፤ ከዚያም ወፍራም ዘይት ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ አደረግንበት። ጎማውን ያዞርነው ሞተሩን አጥፍተን በእጃችን ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ካቴና የሚጠርግ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላልና።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ደረስን። ከዚህ ወዲያ ምድሪቱ በሰይፍ የተቆረጠች ትመስላለች። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የዓባይ ድልድይ ግን ከ1,000 ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስፍራ ላይ ነው፤ ማዶ ያለችው ደጀንም እንደ ጎሐ ጽዮን ከፍ ያለች ናት። ከአፋፉ ሆኖ ለሚያይ ሰው የጎጃም ተራራ በእጅ የሚነካ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በመካከሉ 40 ኪሎሜትር ያህል የሚጠማዘዝ መንገድ አለ።

ካንዴላውን እዚህ ፈትተን ብናየው በጥቀርሻ ጠቁሮ አገኘነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራቶር ግን የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ቤንዚኑን እንደ ቀድሞው ይሰጣል፤ ያልተቃጠለውም ጥቀርሻ ይሆናል። ቤንዚንን በኤሌክትሪክ የሚመጥኑት አዲሶቹ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ቡናማ ካንዴላ ጤና ነው፤ ጥቁሩ የቤንዚን መብዛት ወይም የማጣሪያ መታፈን ምልክት ነው፤ ነጩ ግን ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ መጋሉን ያሳያል። ወደ በረሓው ስንወርድ አየሩ ስለሚወፍር፥ ካርቡራቶሩን ሳንነካ ጥቀርሻውን ብቻ ጠርገን መለስነው።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድነው። እኩሌታውን እንዳገባደድን አንድ ጐልማሳ ሞተር ብስክሌቱን ወደ ተራራው በኩል ካለው ቦይ አስገብቶ ቆሞ አገኘነው፤ ከድንጋይ ላይ ደግሞ እናቱ ተቀምጠው ነበር። ከኋላ ጎማው እንደ ተቃጠለ ጨርቅ ያለ ጠረን ይወጣ ነበር። ምን እንደ ሆነ ብንጠይቀው «ፍሬኑ እምቢ አለኝ፥ ጌቶቼ፤ ገደሉን ሸሽቼ ቦዩ ውስጥ አስገባሁት» አለን። ሞተሩን አጥፍቶ፥ ነጂዎች ፎሌ በሚሉት ማርሽ የለቀቀ አካሄድ፥ ከአፋፉ ጀምሮ ይወርድ ነበር፤ ይህንም ያደረገው ቤንዚን ለማትረፍ ነው።

ነገሩ ለብዙዎች ትምህርት ስለሚሆን ምክንያቱን እንገልጻለን። ከባድ ነገር ቁልቁለት ሲወርድ የሚያገኘው ኃይል አንድ መሄጃ ያስፈልገዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ በትንሽ ማርሽ የተያዘ እንደ ሆነ ከዚህ ኃይል ብዙውን ሞተሩ ይቀበለዋል። ማርሹ የተለቀቀ እንደ ሆነ ግን ሁሉም በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወድቃል፤ ሸራውም ሲግል መያዝ ይተዋል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያላቸውም ከዚህ አያመልጡም። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያው ልክ ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ልክ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ በፈላ ጊዜ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ የነጂውም እጅ ባዶ ነገር ይጨብጣል። ስለዚህ ይህ ዘይት ባይጎድልም እንኳ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ይገባዋል።

ፍሬኑ እስኪበርድ ድረስ ከጥላ ሥር ቆየን፤ በጋለ ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ውሃ አላፈሰስንበትም። ከበረደም በኋላ ፔዳሉን ብንሞክረው እንደ ገና መያዝ ጀመረ። ጐልማሳውም ደስ ብሎት «እንግዲህ ቀስ ብለን እንወርዳለን» አለ። እኛ ግን ከፍሬኑ ውጭ ያለችውን የሸራ ማመልከቻ ቀስት አሳየነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ቀስቲቱ ከመጨረሻው ምልክት አልፋ ትሄድ ነበር፤ ይህም ሸራው ማለቁን የሚያስታውቅ ነው። ማስተካከያውም ዳዶ እስከ ዳር ድረስ ጠብቆ ስለ ነበር የሚጨመርለት ነገር አልነበረም። የቀረው ቁልቁለት ከባድ መሆኑን፥ ፍሬኑም በበረደ ጊዜ መያዙ መዳኑን እንደማያስረዳ ነገርነው። እርሱ ግን የመኪናውን ኪራይ እያሰበ ያመነታ ነበር።

በዚህ ጊዜ እናቲቱ ተነሥተው «ልጄ፥ እኔ በዚህ አልወርድም፤ አንተንም ብቻህን አልሰድህም» አሉት። ጥቂት ቆይቶ ባዶውን ወደ ደጀን የሚሄድ የጭነት መኪና መጣ፤ ሞተር ብስክሌቱን ተረዳድተን ጫንነው። እናቲቱ ገንዘቡን ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈትተው ለሾፌሩ ሰጡና «ያተረፍነው ቤንዚን ይኸው ነው» አሉ። ልጁም አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በታች ያለው መንገድ፥ አፈሩ ስለሚንሸራተት፥ አስፋልቱ በየስፍራው ተሰብሮ አቧራ ሆኖ አገኘነው። ከጭነት መኪና ኋላ የሚሄድ ሰው አቧራውን ለራሱም ለሞተሩም ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ ርቀን ቆየን። በ2000 ዓ.ም መጨረሻ፥ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ አሮጌውም ድልድይ ከአጠገቡ ይታያል። ከድልድዩ ማዶ ቆመን የአየር ማጣሪያውን አወጣን። ማጣሪያው ስፖንጅ የሆነ እንደ ሆነ በላምባ ታጥቦ፥ ደርቆ፥ በጥቂት ዘይት ተነክሮና ተጨምቆ ይመለሳል፤ ወረቀት የሆነ እንደ ሆነ ግን አይታጠብም፤ በቀስታ ተራግፎ ይመለሳል፥ ሲያረጅም ይለወጣል። ማጣሪያውን አውጥቶ መሄድ ለጊዜው ሞተሩን ያቀለለ ይመስላል፤ አሸዋው ግን ገብቶ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፍቃል፤ ያም ሞተር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰማያዊ ጭስ እያጨሰ ዘይት መጠጣት ይጀምራል።

የደጀንን ዳገት ሞተሩን ሁለት ጊዜ እያሳረፍን ወጣነው። ደጀን ስንደርስ ጐልማሳውን ከአንድ መካኒክ ደጅ አገኘነው። የተፈታው ሸራ እስከ ብረቱ ድረስ አልቆ ነበር። እናቲቱ ከበርጩማ ላይ ተቀምጠው አዲሱ ሸራ ሲገጠም በዐይናቸው ይከታተሉ ነበር። ከዚያ በሉማሜ በኩል በለመለመው የጎጃም ሜዳ አልፈን በመሸ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገባን። በማግሥቱም የጎማውን ራጂ በመፍቻ ጫፍ እያንኳኳን ድምፁን ሰማን፤ የጠበቀው ይጮኻል፥ የላላው ይደነቁራል። ሁለት የላሉ አግኝተን ቸርኬው ሳይጣመም አስጠበቅናቸው።

ስለ ቤተ ሰብ ደግሞ ጥቂት ቃል እንጨምራለን። ነጠላ ወይም ረዥም ቀሚስ የለበሰች ሴት ከኋላ ስትቀመጥ ጫፉን ሰብስባ ትያዝ፤ ጨርቅ ወደ ካቴናውና ወደ ራጂው የገባ እንደ ሆነ ሰውን ጎትቶ ይጥላልና። የራስ መከላከያ ቆብ ለነጂው ብቻ ሳይሆን ከኋላው ለሚቀመጠውም ያስፈልጋል። ቤንዚን በጄሪካን ሞልቶ ምድጃ ካለበት ቤት ማኖር ከቶ አይገባም፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተስቦ እስከ እሳቱ ይደርሳል። የፍሬን አቧራም በአፍ እፍ ተብሎ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በቀድሞ ዘመን ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ነበረባቸውና። ዘይት የተለወጠበት፥ ካቴና የታጠበበት፥ ሸራ የታየበት ቀን በአንድ ትንሽ ደብተር ይጻፍ።

ያን ደብተር የሚመለከተው ግን ነጂው ብቻ አይሁን። ሚስትም እናትም ልጅም ሸራው መቼ ታየ፥ ጎማው መቼ ተለካ ብለው ይጠይቁ። ነጂው መንገዱን ስለ ለመደ ፍርሃቱን ይረሳል፤ ከቤት ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ግን አይረሳም።