ስሕተቱ መቼ ይታወቃል? የወረዳ የመሬት መዝገብና የመጠባበቂያ ቅጂው

ስለ መረጃ ቋት መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስተምሩ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጥያቄዎች ይጀምራሉ። አንደኛው «አደጋ ቢደርስ የስንት ሰዓት ወይም የስንት ቀን ሥራ ቢጠፋ እንችለዋለን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ቋቱ ተጠግኖ ሥራ እስኪጀምር ምን ያህል መታገሥ እንችላለን?» የሚል ነው። ቅጂው በየስንት ጊዜው እንደሚወሰድ ከመጀመሪያው መልስ ይታወቃል፤ የመሣሪያውና የባለሙያው ዝግጅት ደግሞ ከሁለተኛው ይመነጫል። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ የወረዳ የገጠር መሬት መዝገብን ስመርጥ እኔም ከእነዚሁ ተነሣሁ። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን መጻሕፍቱ በዳር የሚያልፉት ሦስተኛ ጥያቄ ከሁለቱም በላይ ሚዛን እንዳለው ተረዳሁ፤ ይኸውም «ስሕተቱ መቼ ይታወቃል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ምርጫውን እንዴት እንደሚለውጠው በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መዝገቡን የመረጥሁበት ምክንያት ግላዊም ነው። ያደግሁት በአቀስታ ነው። አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያ ደጋ ከማሳው ሌላ ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ፤ አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ሕጋዊ መሠረቱን አጸኑለት። ለባለይዞታዎች የሚሰጠው ደብተር የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት ይይዛል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ደግሞ እያንዳንዱ ማሳ ተለክቶ ካርታ ይዘጋጅለታል፤ መረጃውም ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት ማሳው የእርሷ ለመሆኑ የምታቀርበው ማስረጃ ዛሬ ከፊሉ በሣጥኗ፣ ከፊሉ በወረዳው ሰርቨር ውስጥ ይገኛል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልከት። እንደ ፖስትግሬስ ያሉ የመረጃ ቋቶች አንድን ለውጥ በዋናው ፋይል ላይ ከማስፈራቸው በፊት በተከታታይ የለውጥ መዝገብ ይጽፉታል። ኤሌክትሪክ በድንገት ቢቋረጥ ቋቱ ሲነሣ ያንን መዝገብ አንብቦ የተፈጸመውን ይጠብቃል፤ ያልተፈጸመውን ይተዋል። የለውጥ መዝገቡ ያለማቋረጥ ወደ ሌላ ቦታ የሚገለበጥ ከሆነም፣ ከአንድ ሙሉ ቅጂ ተነሥቶ ቋቱን ወደሚፈለገው ደቂቃ መመለስ ይቻላል። ይህ ለባንክ ግዴታ ሊሆን ይችላል። በመሬት ጽሕፈት ቤት ግን ውርስ፣ ስጦታ ወይም ኪራይ ለማስመዝገብ የመጣ ባለጉዳይ በቅድሚያ ማመልከቻውንና ውሉን በወረቀት ያቀርባል፤ ወረቀቱ ቁጥር ተሰጥቶት በፋይል ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ መረጃው ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ስለዚህ የወረቀት ፋይሉ ራሱ የለውጥ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ለምሳሌ በቀን 20 ጉዳይ የሚያስተናግድ ጽሕፈት ቤት የአንድ ቀን ግቤት ቢጠፋበት፣ ፋይሉ በቀንና በቁጥር ተራ ከተያዘ 20ውንም ዳግም ማስገባት ይችላል። ባለጉዳዩ ከቀበሌው ዳግመኛ በእግሩ እንዲመጣ አይገደድም። ስለዚህ በየሌሊቱ የሚወሰድ አንድ ሙሉ ቅጂ ይበቃል።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስም ከባድ አይደለም። የመሬት ዝውውር በደቂቃ የሚፈጸም ጉዳይ ስላልሆነ፣ ቋቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ቢቆም ሥራው በወረቀት ሊቀጥል ይችላል። ሌሊትና ቀን ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ሁለተኛ ሰርቨር ጎን ለጎን ከማቆም ይልቅ፣ አስፈላጊው ሶፍትዌር አስቀድሞ የተጫነበት አንድ ላፕቶፕ በተጠባባቂነት ማስቀመጥ ለወረዳ አቅም ይስማማል።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ዲስክ ሲበላሽ ወዲያው ይታወቃል፤ ሰርቨር ሲሰረቅም ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። አንድ ማሳ በስሕተት ወይም በተንኮል ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ቢዛወር ግን ቋቱ እንደ ወትሮው ይሠራል። የአባትና የአያት ስም በሚመሳሰልበት ቀበሌ ይህ ሊሆን መቻሉ አያስገርምም። ስሕተቱ የሚገለጠው ባለይዞታው ሲሞትና ልጆቹ ሊካፈሉ ሲቀርቡ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ወይም ወደ ዐረብ አገር ሄዳ የቆየች ልጅ ተመልሳ ድርሻዋን ስትጠይቅ ነው። ያን ጊዜ ዓመታት አልፈዋል። ጽሕፈት ቤቱ የመጨረሻዎቹን 30 ሌሊቶች ቅጂ ብቻ እያስቀረ የቀደመውን የሚሰርዝ ከሆነ፣ 30ውም ቅጂዎች ያንኑ ስሕተት ይዘው ይገኛሉ። ቅጂው በየሌሊቱ ሳይጓደል ቢወሰድም ለዚያች ልጅ ምንም አይጠቅማትም።

እንግዲህ ቅጂው ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ? በዚህ ረገድ ከኮምፒዩተር ሳይንስ ይልቅ ሕግ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1000 የወራሽነት ጥያቄ የሚቀርብበትን የመጨረሻ ወሰን እስከ 15 ዓመት ያደርሰዋል። የገጠር መሬት የራሱ አዋጅ ያለው ቢሆንም፣ ይህ አኃዝ ክርክር ምን ያህል ዘግይቶ ሊነሣ እንደሚችል ያመለክታል። የዕለት ቅጂ ለአንድ ወር፣ የወር ቅጂ ለሁለት ዓመት፣ የዓመት ቅጂ ግን ከ15 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሳይሰረዝ እንዲቆይ ሐሳብ ያቀረብሁት ከዚህ ተነሥቼ ነው። በዓመት አንድ ቅጂ ማስቀረት የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ሃርድ ዲስክ ነው። ዲስክም በራሱ የሚያረጅ ስለሆነ በየጥቂት ዓመቱ ይዘቱን ወደ አዲስ ማዛወር ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። የወረዳው መረጃ ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል ሰርቨር በኔትወርክ የሚተላለፍ ከሆነ ሌላ ቅጂ አያስፈልግም የሚል አስተያየት ከባለሙያዎችም ጭምር ሰምቻለሁ። የሚተላለፈው መረጃ ግን የዋናው መስተዋት ነው፤ ዋናው ላይ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል፤ የተዛባውም ተዛብቶ ይደርሳል። መስተዋቱ ከእሳትና ከሌባ ያድናል፤ ከስሕተት ግን አያድንም። ከስሕተት የሚያድነው ትናንት የነበረውን እንደ ነበረ ይዞ የቀረ፣ ማንም ሊለውጠው የማይችል ቅጂ ነው።

ይህ አሳብ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ፣ በመጨረሻውም የሚፍቀውንና የሚለውጠውን ሁሉ የሚያወግዝ ግዝት ይታከልበት ነበር። ሰነዱ ሕዝብ በሚያከብረው መጽሐፍ ውስጥ መቀመጡና ግዝት መታከሉ ጽሑፉ እንዳይለወጥ የተደረገ ጥበቃ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ስለ ገዳሙ የተጻፉ የቆዩ ማስታወሻዎችን ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ይህን ወንጌል ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ የሥራው ፊልሞችም በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ተቀምጠዋል። ገዳሙ፣ አዲስ አበባና ሚኒሶታ በአንድ አደጋ አብረው ሊጠፉ አይችሉም። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ታዋቂ ደንብም ይህንኑ ይላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቦታው ርቆ።

ምን ያህል ይራቅ የሚለውን ለእኛ አካባቢ የመለሰው የቅርብ ታሪካችን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የመንግሥት ተቋማት፣ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ሳይቀሩ፣ ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋልም። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በወረዳው፣ ሌላውን በዞኑ ከተማ ማስቀመጥ በቂ ርቀት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ ለአንድ አደጋ ሊጋለጡ ይችላሉ። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቅጂን በኔትወርክ ብቻ ወደ ሩቅ ለመላክ የታቀደ ስልት በእነዚያ ወራት ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ለደጋው ወረዳ የሚስማማው ኔትወርክ ሲኖር የሚጠቀም፣ ሳይኖር ደግሞ በሰው እጅ የሚጓዝ ዲስክ ያለው ስልት ነው።

ስለሆነም በጥናቴ ያቀረብሁት ሥርዓት ይህን ይመስላል። በየሌሊቱ ሙሉ ቅጂ በዚያው ጽሕፈት ቤት በሌላ ዲስክ ላይ ይወሰዳል። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ቅጂ ከኮምፒዩተር በሚነቀል ዲስክ ተወስዶ በሌላ ሕንፃ፣ ካዝና ባለው መሥሪያ ቤት ይቀመጣል፤ የተነቀለ ዲስክን ቫይረስ ሊደርስበት አይችልም። በየወሩ አንድ ቅጂ ወደ ዞን ይላካል፤ በየሩብ ዓመቱ ደግሞ አንድ ቅጂ ከዞኑ ውጭ ወዳለው የክልሉ መሥሪያ ቤት ይጓዛል። የባለይዞታዎችን ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ዲስክ በአውቶቡስ ሲጓዝ ሊጠፋ ስለሚችል መመስጠር አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለእንዲህ ያለው መረጃ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የምስጢር ቁልፉ ግን በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከቀረ፣ ያ ሰው ሲዛወር ቅጂው ከጠፋ አይለይም። ስለዚህ ቁልፉ በወረቀት ታትሞ፣ በሁለት ፖስታ ታሽጎ፣ በሁለት ኃላፊዎች እጅ እንዲቀመጥ አድርጌ ቀረጽሁት።

ሥርዓቱን ለመፈተን የእውነተኛ ሰዎች መረጃ የሌለበት የሙከራ ቋት ሠራሁ፤ ቅጂውንም ፈጽሞ አዲስ በሆነ ላፕቶፕ ላይ መለስሁት። ሙከራው ሁለት ነገሮችን አሳየ። አንደኛ፣ የማሳዎቹ ካርታ የሚነበበው የካርታ መረጃን የሚያስተናግደው ተጨማሪ ሶፍትዌር አስቀድሞ በላፕቶፑ ላይ ሲጫን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ራሱ ከቅጂው ጋር በዲስኩ ላይ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛ፣ በስካነር የተነሡት ውሎች በተለመደው አሠራር ከቋቱ ውጭ በሌላ ፎልደር ስለሚቀመጡ፣ ቋቱ የሚይዘው የፋይሉን አድራሻ እንጂ ፋይሉን አይደለም። ፎልደሩ አብሮ ካልተገለበጠ መዝገቡ ይመለሳል፤ ማስረጃው ግን አይመለስም። ሁለቱም ቅጂው ሲወሰድ አይታዩም፤ የሚታዩት ሲመለስ ነው። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ዋና ቋቱ በስሕተት ሲሰረዝበት ካዘጋጃቸው የመጠባበቂያ ዘዴዎች አብዛኞቹ እንዳልሠሩ ያወቀው በዚያው ዕለት ነበር፤ ያዳነውም ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። ስለዚህ በየሩብ ዓመቱ አንድ ቅጂ በተጠባባቂው ላፕቶፕ ላይ ይመለስ፤ የማሳዎቹ ብዛት ከዋናው ጋር ይነጻጸር፤ በዕጣ የወጡ 20 ይዞታዎችም ከወረቀት ፋይላቸው ጋር ይመሳከሩ። ይህን ሁሉ የሚያስረዳ የአሠራር ጽሑፍ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ከሰርቨሩ አጠገብ ይለጠፍ፤ ባለሙያው ባይኖር ሌላ ሠራተኛ እያነበበ ሊፈጽመው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የምመዝነው መደምደሚያ ግን ከቅጂው ውጭ ያለ ነው። ስሕተት ተሠርቶ እስኪታወቅ ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ቅጂው የሚሸከመው ሸክም ይቀንሳል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ወቅት የልኬቱ ውጤት በቀበሌው ለሕዝብ ይፋ ተደርጎ ባለይዞታዎች ቅሬታቸውን ያቀርባሉ። ይህ አሠራር ከምዝገባው ጋር ከሚያበቃ ይልቅ፣ በዓመቱ ውስጥ ስም የተዛወረባቸው ማሳዎች ዝርዝር ብቻ ታትሞ በየዓመቱ በቀበሌው ቢለጠፍና በስብሰባ ቢነበብ፣ ዓመታት ይጠብቅ የነበረው ስሕተት በወራት ውስጥ ሊጋለጥ ይችላል። የሄደችው ልጅ ባትሰማ እናቷ ወይም ጎረቤቷ ይሰማል። ጎረቤት የማንን ድንበር ማን እንደሚያርስ ከማንኛውም ሰርቨር አብልጦ ያውቃል።

ስለሆነም ስለ ወሳኝ የመረጃ ቋት የሚያጠኑ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ከሁለቱ የተለመዱ ጥያቄዎች አስቀድመው ሦስተኛውን እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። የሆስፒታል፣ የፍርድ ቤት፣ የተማሪዎች ውጤት መዝገብ ሁሉ የየራሱ የመታወቂያ ጊዜ አለው፤ አንዳንዱ ስሕተት በማግሥቱ፣ አንዳንዱ በምረቃ ዕለት፣ አንዳንዱ በቀብር ማግሥት ይገለጣል። ቅጂውን ለስንት ጊዜ እንደምናስቀምጥ ከመወሰናችን በፊት ይህን ቀን ማወቅ ይኖርብናል።