ያ ቢጫ አበባ አይደለም

በመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ከፊት ቢጫ ማሳ፣ ከማሳው በስተኋላ ደግሞ የጮቄ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ወደ ክፍላችን የገባ ጓደኛ ሁሉ፣ «ይህ የምን አበባ ነው? አደይ ነው ወይስ ኑግ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም እስከ አሁን ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። ዳሩ ግን ዝምታዬ ውሸት እየመሰለ ስለ ታየኝ፣ መልሱን ለሁላችሁም በአንድነት በዚህ መጽሔት ላይ ለመስጠት ቈረጥሁ።

የነገሩ መነሻ በሰው አገር ሥዕል መቅናት ነው። የጃፓንና የካናዳ ተራሮች ቅጠላቸው ቀይና ብርቱካን ሆኖ በየቀን መቁጠሪያው ላይ ታትመው አይታችኋል። በእነዚያ አገሮች ቀኑ እያጠረ ብርዱ እየበረታ ሲሄድ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል፤ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫም ያን ጊዜ ይገለጣል። እንግዲህ ያ ሁሉ ውበት ለመርገፍ የተዘጋጀ ቅጠል ነው። በእኛ አገር ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ ወይራውና ጥዱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። «ታዲያ እኛ ምን ቀለም አለን?» እያልሁ እቈጭ ነበር።

ቁጭቴ የመጣው አገሬን አስተውዬ ባለማየቴ ነው። በባሕረ ሐሳቡ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መጸው ይባላል። ብዙዎቻችን ተሳስተን ጸደይ እንለዋለን፤ ጸደይ ግን የሚገባው በመጋቢት 26 ነው። በመጸው የጎጃም ምድር ቀለሙን የሚለውጠው በዛፍ ሳይሆን በማሳ ነው። አደይ ስታልፍ ኑግ ያብባል፤ ከዚያም በኅዳር ጤፉ ወርቅ ይሆናል። የእኛ የመጸው ቀለም የሰው እንጀራ ነው። ይህን ዛሬ እንዲህ አሳምሬ እናገራለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ወደ ቢቸና ተመለስሁ። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠበት የመጀመሪያው ዓመት ስለ ነበረ፣ ብዙዎቻችሁ አትረሱትም። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሥራ አልነበረኝም። ከአንድ የሠፈራችን ልጅ ካሜራ ተዋስሁና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣ ሄድሁ። በዚህ መንገድ ወደ ሞጣ የሚወጣ ሰው ጮቄን በግራው፣ የዓባይን በረሓ በቀኙ ይዞ ነው የሚጓዘው። ባትሪው አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ አስቤ ማንሣት ግድ ሆነብኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ቢጫ ቀለም በቀትር ፀሐይ ነጥቶ ይጠፋል። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች፣ ጧት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ማንሣት ይሻላል። ፀሐይ ከሰብሉ በስተኋላ ከሆነች ዛላው እንደ ኩራዝ ይበራል፤ ከጎን ከሆነች ደግሞ የማሳው ትልም አንድ በአንድ ይታያል። ተራራውን ከማሳው ጋር ለማንሣት የፈለገ በርከክ ይበል፤ ቆሞ ያነሣ እንደ ሆነ ማሳው ጠቦ ይቀራል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም የሚኖሩት ከሞጣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ጧት ከቤታቸው በላይ ወዳለው የስንዴ ማሳ ወጣሁ። ከአረንጓዴው መካከል አንዱ ወገን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ልቤ በደስታ ዘለለ። በረከክሁ፤ ጮቄን ከበላይ፣ ቢጫውን ከበታች አድርጌ ዐሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁ። ብድግ ስል ሱሪዬ ከጕልበቴ በታች ቢጫ ዱቄት ለብሷል። የአበባ ብናኝ መስሎኝ ሳቅሁ።

አጎቴና አንድ ሸምገል ያሉ ጎረቤታቸው ከማሳው ዳር ቆመው ይመለከቱኛል። ሽማግሌው ወደ አጎቴ ዘወር ብለው፣ «ገማች መጣብህ እንዴ?» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ፣ «በዚያ መነጽርህ ስንት ቁና አየህበት፣ ልጄ?» ብለው ሳቁ። እኔም ነገሩ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ። አጎቴ ግን አልሳቁም። ጐንበስ ብለው አንድ ቅጠል ቀጠፉና በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው ቢጫ ሆነ።

«አበባ መስሎህ ነው? ዋግ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ቢጫ ዋግ ብርድና ጤዛ በሚበዛበት ደጋ ስንዴን የሚያጠቃ በሽታ ነው። በዐይን የማይታይ የሻጋታ ዘር በነፋስ ተሸክሞ ይመጣና በቅጠሉ ላይ ረድፍ ሠርቶ ይበቅላል፤ የእህሉን ምግብ እየበላ ፍሬውን ያቀጭጨዋል። በ2003 ዓ.ም. መኸር በአገራችን ስንዴ ላይ ከባድ ጥፋት ማድረሱ የታወቀ ነው። እኔ ግን ለውድድር የሚበቃ ሥዕል አገኘሁ ብዬ የሰው ጕዳት ላይ በርከክ ብዬ ነበር። አፍሬ ፎቶግራፉን ላጥፋው ስል አጎቴ ከለከሉኝ። «ተወው፤ ይልቅ ቅጠሉን በደንብ አንሣና ሞጣ ወርደህ ለግብርና ባለሙያው አሳይልኝ» አሉ። በማግስቱ ወርጄ አሳየሁ። መድኃኒቱ ተገኝቶ የታችኛው ማሳ ተረጨ፤ ዳነም። ለላይኛው ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። ዐሥር ኩንታል ይጠበቅበት ከነበረው ሦስት፣ እሱም የቀጨጨ፣ ተገኘበት።

የሽማግሌው ቀልድ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ሳነብ፣ ሞጣና ቢቸናን አገኘኋቸው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ዐወጀ። ግብሩ በምርት ግምት የሚጣል ስለ ነበረ፣ ገማች ወደ ገበሬው ማሳ መውጣት ነበረበት። ገበሬው ግን ይህ መሬቴን ለክቶ ርስቴን ለመውሰድ ነው ብሎ ተነሣ። ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን ተላከበት፤ በ1961 ዓ.ም. ግን ውዝፉ ግብር ተማረለት። ሽማግሌው ያን ጊዜ ልጅ መሆን አለባቸው። የደረሰ ሰብል ላይ መሣሪያ ደቅኖ የሚያይ እንግዳ ማን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

በጥር ውጤት መጣ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው ከተፈታኙ 3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ሆንሁ። አጎቴ ከስንዴው ሽያጭ ብርድ ልብስ ሊገዙልኝ ቃል ገብተው ነበር። ስንዴው ባይኖርም ብርድ ልብሱ ደረሰኝ፤ በግ ሸጠው እንደ ገዙት የነገረችኝ እናቴ ናት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጦርነት ወደ ክልላችን ስለ ገባ፣ በተከታዩ ጥቅምት ሞጣ ሄጄ ማሳውን ለማየት አልቻልሁም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ያ ቢጫ አበባ አይደለም፤ የአጎቴ ሰባት ኩንታል ነው። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አላወረድሁትም፤ አሁንም ያምራልና። ማማሩን መካድም ሌላ ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ ማሳ ላይ ካሜራ ከመደቀናችሁ በፊት ባለቤቱን ሰላም በሉና፣ «ሰብሉ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ቀለሙን የሚነግራችሁ እሱ ይሆናል።