«በዘራችሁ አለ?»

ዛሬ ከሰዓት ከሜክሲኮ ጀሞ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ጀርመን አደባባይ ጋ እንደለመድነው መንገዱ ተዘጋግቷል። ከፊቴ ካለው ወንበር አንዲት እናት ሦስት አራት ዓመት የሚሆነው ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየና ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ቀረ። አወቅኩት፤ የሚጥል በሽታ ነው። እናቱ ግን ቀድማኝ አውቃለች፤ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ የሹራቡን ቁልፍ መፍታት ጀምራ ነበር።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። «ክብሪት! ክብሪት የያዘ የለም?» አንዱ ብረት እናስይዘው ይላል፣ አንዷ በስመ አብ ትላለች፣ አንዱ አፉ ውስጥ ጨርቅ ክተቱ ይላል። ረዳቱ፣ እግዜር ይስጠውና፣ በሩን ከፍቶ «አየር ስጡት!» እያለ ሰዉን አስወረደ። ክብሪቱን የጫረውን ሰውዬ እጁን ያዝኩት። «ወንድሜ ተው፣ ጭሱ አይጠቅመውም» ስለው ተወ። በጎኑ አስተኛነው፣ ሻርፔን አጥፌ ከጭንቅላቱ ሥር አደረግኩለት፣ ሰዓቴን አየሁ። ሹፌሩን 5 ደቂቃ ከሞላ በቀጥታ ሆስፒታል ትነዳለህ ብዬዋለሁ። በ3 ደቂቃ ከምናምን ለቀቀው። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ያስጻፈኝ ይሄ አይደለም። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ውሃውን ያቀበሉትም እሳቸው ነበሩ። ሰው ሁሉ ተመልሶ ገብቶ ሲረጋጋ ጠጋ አሉና «የኔ ልጅ፣ በዘራችሁ አለ?» አሏት።

አንገቷን ስትደፋ ባያችኋት። «የለም እማማ» አለች። «በአባቱስ ወገን?» ዝም አለች።

የኛን ቤት ታሪክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የእህቴ ልጅ የጀመረው በ6 ወሩ ትኩሳት ይዞት ነው፤ ግማሽ አካሉን ብቻ እያንቀጠቀጠው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። መጀመሪያ ክትባቱ ነው ተባለ። ቀጥሎ ቡዳ። ቀጥሎ የእህቴ ወገን። አንድ ቅዳሜ የባሏ ዘመዶች ቤታችን ተሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ፣ ከእናንተ ወገን ማን ወድቆ ያውቃል ብለው ጠየቁን። አያቴ ቤት ቆጠራ ላይ የሚስተካከላት የለም፤ ማን ማንን ወለደ ብላ ስትጀምር ከአቦል እስከ በረካ ይበቃታል። ያን ቀን ሰባቱንም ቤት ቆጠረች። የወደቀ ጠፋ። በመጨረሻ በቅሎ ጥላው እግሩ የተሰበረ የአያቷ ወንድም ተገኘ። እሱንም መዘገቡት! እስከ ዛሬ እህቴና እኔ ስናነሳው ሆዳችንን ይዘን ነው የምንስቀው። ያን ማታ ግን እህቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች።

ከ2 ዓመት በኋላ ደሙ ውጭ አገር ተልኮ ተመረመረ፤ የእናቱም የአባቱም አብሮ። ኤስሲኤን1ኤ የሚባል ዘረመል ላይ ለውጥ ተገኘ። በእናቱ የለም። በአባቱ የለም። ድራቬ ሲንድረም ይባላል፤ ሻርሎት ድራቬ የምትባል ፈረንሳዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ለይታ የጻፈችው፣ ዘረመሉ ደግሞ በ2001 የተገኘው። ይህ በሽታ ካለባቸው 10 ልጆች በ9ኙ ገደማ ለውጡ አዲስ ነው፣ ከወላጅ አልተወረሰም።

ይሄን ለዘመድ ማስረዳት ከምርመራው ባሰ። ሐኪሙ «ዘረመል» ሲል ቤተሰቡ የሚሰማው «ዘር» ነው። ዘር ደግሞ በኛ ቋንቋ የሚዘራው እህል ነው፣ ልጅ ነው፣ ወገን ነው፣ የሚያባላንም እሱ ነው። «የዘረመል ችግር» ሲባል «ዘራችሁ የተበላሸ ነው» የተባልን መሰለን። በመጨረሻ ለአያቴ የነገርኳት በብራና ነው። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ አለ እንበል፤ ሌሊት ደክሞት አንዲት ፊደል ሳተ። ዋናው መጽሐፍ ላይ ስህተቱን ብትፈልጊው አታገኚውም፣ ያለው ግልባጩ ላይ ነው። ሰው ሲፀነስም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዳችን ከ60 እስከ 70 የሚሆን አዲስ የፊደል ለውጥ ይዘን ነው የምንወለደው። አብዛኛው ምንም ከማይነካ ቦታ ያርፋል። አንዳንዱ ግን ክፉ ቦታ ይወድቃል። ደግሞ ስሙልኝ፣ የአዲሶቹ ለውጦች አብዛኞቹ የሚመጡት በአባት በኩል ነው፤ የአባት ዕድሜ ሲገፋም ይጨምራሉ። የሚጠየቁት ግን እናቶች ናቸው። አያቴ ሰምታ ዝም ካለች በኋላ «እንግዲያ ጸሐፊው ምን ያድርግ፣ ደክሞት ነው» አለች። በቤታችን የመጀመሪያው ይቅርታ እሱ ነበር።

ታክሲው ውስጥ ግን ሌላም ሰው ትዝ አለችኝ። ሳሪስ 5ኛ ክፍል ሳለን አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ቀኝ እጇ ላይ ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ የተጨማደደ ጠባሳ አለ፤ ቡና እያፈላች ጥሏት ከሰሉ ላይ ወድቃ ነው። ሒሳብ ትችላለች፤ በዚያ እጇ ስትጽፍ እርሳሱን በመካከለኛው ጣቷ ነበር የምትይዘው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቀች። ቲቸሩ «አፍንጫችሁን ያዙ፣ ውጡ!» አሉን። አረፋው ከነካን ይይዘናል ተብለን ሸሸን። በማግሥቱ ስትመጣ ቦታ ቀይሬ ነበር። ሦስት ቀን ብቻዋን ዴስክ ላይ ተቀመጠችና በአራተኛው ቀረች። እዚህ ካለሽ፣ እኔ ነኝ ቦታ የቀየርኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ። አይተላለፍም። በምራቅም በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። «የበሽታውን ስም ማወቅ ምን ይጠቅማል፣ መድኃኒት የለው» ለምትሉኝ፦ የእህቴ ልጅ ላይ የተለወጠው ዘረመል ነርቭ ላይ ሶዲየም የሚያስገባ በር ይሠራል። በሩ ሲጎድል በዋናነት የሚዳከሙት ሌሎቹን የሚያረጋጉት ሴሎች ናቸው። እኔ የገባኝ በታክሲ ነው፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ የላላው ፍሬኑ ነው። ካርባማዜፒን ይህንኑ በር የሚዘጋ መድኃኒት ነው። ለብዙ ታማሚ መልካም ነው፣ ለድራቬ ልጅ ግን የላላውን ፍሬን ይበልጥ ማላላት ነው። የኛ ልጅ ለ7 ወር ወስዶታል። ሲብስበት መጠኑ አንሶት ይሆናል ተብሎ ተጨመረለት። ስሙ ሲታወቅ ተቀየረ፣ እኛም ሌሊት መተኛት ጀመርን። ሌላም አለ፤ ኤኤልዲኤች7ኤ1 የሚባለው ዘረመል የተበላሸባቸው ሕፃናት በሌላ መድኃኒት አልቆም ያለው መንቀጥቀጥ በቫይታሚን ቢ6 ይቆምላቸዋል። በቫይታሚን!

በዘር የሚመጣው የለም እያልኩ አይደለም። ከእናትም ከአባትም የተሳሳተ ግልባጭ ሲገናኝ ብቻ የሚታይ አለ። አያቶቻችን ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ አያጋቡም ነበር፤ ያ ሥርዓት ከእንዲህ ዓይነቱ ይጠብቃል፣ ከአዲሱ ለውጥ ግን አያስጥልም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት አይተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት የሚጥል በሽታ ያለበት ከ1,000 ሰው 5 ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የዘይ ማኅበረሰብ ጥናት ላይ ደግሞ 29 ያህል። ትንሽ ማኅበረሰብ ለዘመናት እርስ በርሱ ሲጋባ ተደብቀው የሚተላለፉ ለውጦች የመገናኘት ዕድላቸው ይሰፋልና እንዲህ ባለ ቦታ ዘርን መጠርጠር ያስኬዳል። ከዘር ውጭም መንስኤ አለ፤ በወሊድ መታፈን፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ጉዳት። ይሄን የሚለየው ሐኪም ነው፤ በቡና ላይ የምንለየው አይደለም፣ በታክሲ ውስጥም አይደለም።

ኦቲዝምም፣ የአእምሮ እድገት መዘግየትም እንዲሁ ነው፤ ከሚጥል በሽታ ጋር ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ከዚያው ከአንዱ ዘረመል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት ብታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ማዕከልን የከፈተችው እናቶች የልጃቸውን ነገር በር ዘግተው በሚይዙበት ጊዜ ነው። ነፍሷን ይማር። እናት የውነቱም ከሚጥል በሽታ ጋር እየኖረች ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያን አቋቁማ አደባባይ ወጥታለች። እነሱ ይህን ያህል ከሄዱ እኛ አንዲት ጥያቄ መተው እንዴት ያቅተናል? «በዘራችሁ አለ?» ከምትሉ «ስንት ደቂቃ ሆነው?» በሉ። «መድኃኒቱን አግኝተሽለታል?» በሉ። ጸበልም ብትወስዱት መድኃኒቱን አታስቁሙት፤ ድንገት ሲቋረጥ ነው የሚብሰው።

ያቺ እናት ጀሞ ሚካኤል ጋ ልጇን አቅፋ ወረደች። ሻርፔን ልትመልስልኝ ስትታገል ያዢው አልኳት። በኋላ ሳይ ከወንበሩ ሥር የልጁ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ቀርቷል፤ ሰማያዊ፣ ማሰሪያው በክር የተሰፋ። እኔ ጋ ነው። የምታውቋት ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።